ማይኩን ለፍየሏ ስጧት

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ፣ ማታ 1፡30

ከሥራ ገባሁ። ጫማዬን ሳላወልቅ የአባዬ ስልክ ከሳሎን ይጮሃል። ክፍሉ ተከፍቷል። የዛሬው ነገር በሙዝ ነው የተጀመረው፤ ሩዝን በሙዝ መብላት ያኮራል ወይስ ያሳፍራል። የናይሮቢው ሰውዬ ያሳፍራል ይላል። የሞቃዲሾዋ ሴትዮ ሙዝ የሌለው ሩዝ የበሽተኛ ምግብ ነው ትላለች። አንዱ ከስዊድን ገብቶ፣ ሥራ ላይ ነኝ ብዙ አልናገርም አለና ከሁሉም በላይ ተናገረ።

ሰማያዊዋ፣ አዲስ ስለሆንሽ ትንሽ ላስረዳሽ። (መድኃኒት አከፋፋዮች ፋርማሲያችን መጥተው ካደሉን ደብተሮች አንዷ ነሽ። ሽፋንሽ ላይ የሳል ሽሮፕ አለ። አትቀየሚ።) ክፍሉ ስልክ ውስጥ ያለ የወሬ ቤት ነው። ሶማሌ ካለበት አገር ሁሉ ሰው ይገባበታል። ፊት የለም፣ ድምፅ ብቻ። መናገር የፈለገ እጅ ያወጣል፣ አወያዩ ማይክ ይሰጠዋል። በስሙ የሚጠራ የለም። ግማሹ መሐመድ፣ ግማሹ አብዲ ስለሆነ ሁሉም ቅጽል ስም አለው፤ አንካሳው፣ ጥርሶ፣ ዓይነ ትንሹ። ማንም አይቀየምም። አባዬ «ዴሬ» ነው፤ ረጅሙ ማለት። ከባድ መኪና ሲነዳ የወጣለት ስም ነው። ጉልበቱ አልታዘዝ ብሎት መሪውን ከተወ ወዲህ ክፍሉን ይነዳል።

እኔም ገብቼ አዳምጣለሁ። ስም የለኝም፣ የጽጌረዳ ሥዕል ብቻ። እጅ አውጥቼ አላውቅም። ባለፈው ወር አባዬ ማይኩን ሳይዘጋ ሾርባው ቀረበ ብዬ በሶማሊኛ ጠራሁት። ክፍሉ በሳቅ አለቀ። የኮልፌ ሶማሊኛ ነዋ። አንዱ ልጅቷ ሶማሊኛውን በአማርኛ ነው የምትናገረው አለ። ከዚያ ወዲህ አባዬን ለእራት የምጠራው ትከሻውን ነክቼ ነው።

እማዬ ስልጤ ናት። ሶማሊኛ አልሰማም ትላለች፣ ሐሜት ሲሆን ግን ትሰማለች። ሁለተኛ ሚስት ቢያገባ ይሻለኝ ነበር፣ እሷ እንኳ አንዳንዴ ዝም ትላለች ትለዋለች።

ዛሬ የውሃ ፈረቃችን ነው። ጄሪካን፣ ባልዲ፣ ድስት ሳይቀር ተሞልቷል። ባኞ ቤት ቧንቧ ከፍቶ የሚዘገይ ሰው በእማዬ ሕግ ነፍሰ ገዳይ ነው። ፊቴን በጣሳ ታጠብኩ።

የዚያው ዕለት፣ 3፡00

ጉድ ፈላ።

ሙዙ አልቆ ወደብ ተነሳ። ሁሌ መጨረሻው ወደብ ነው። ማን ይጠቀምበት፣ ማን ይፈርም፣ ማን ማንን ሳያማክር ፈረመ። በዚህ ጉዳይ የአባዬ ባላንጣ አንድ ነው፤ «ማዓሊን» ይሉታል፣ አስተማሪው። የሀርጌሳ ሰው ነው። ተናግሮ የሚጠግብ አይመስለኝም። እሱ ሲናገር ከኋላው ፍየል ትጮሃለች። ክፍሉ ፍየሏን ለምዷታል፤ ድምፅዋ ከጠፋ ደኅና ናት ወይ ብሎ ይጠይቃል።

አባዬ ከዚያ ወደብ ጭነት ሳመላለስ ዕድሜዬን የጨረስኩ ሰው ስለ ባሕሩ የምለው አለኝ አለ። ማዓሊን ኮልፌ ተቀምጦ ስለ ባሕር የሚያወራ ሰው ባሕሩን በሥዕል ያየ ነው አለ። አባዬ እኔ ኮልፌ ተቀምጬ ልጄን ሶማሊኛ አስተምሬአለሁ አለ። (ለምን እኔን ያስገባኛል?) ያን ጊዜ ማዓሊን ሳቀና እንዲህ አለ፦

«ለሾርባ የምትጠራህን ሰምተናታል። ያቺ ልጅህ በሶማሊኛ ማልቀስ እንኳ አትችልም።»

ፍየሏ ጮኸች። አባዬም ቀበል አድርጎ፦

«አወያይ፣ ማይኩን ለፍየሏ ስጧት። ከእሱ ይልቅ ለእሷ ፖለቲካ ይገባታል።»

ከሦስት መቶ ሰው በላይ ነበር። ሳቁ ሲያቆም ማዓሊን ወጥቷል።

አባዬ እየሳቀ ወደ እኔ ዞረ። አልሳቅኩም። ስለ ወደቡ የማውቀው ነገር የለም። ማልቀስ አትችልም የተባለችው ግን እኔ ነኝ።

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ፣ ከሰዓት 10፡00

ፋርማሲ ነኝ። ሰው የለም፣ ዝናብ ነው።

ፍየሏ ታዋቂ ሆናለች። የአባዬን ድምፅ ቆርጠው ክሊፕ ሠሩት። የፍየል ሥዕል ላይ ማይክ ለጥፈው፣ ከበሮ ጨምረውበት። ከጅግጅጋ አንድ ዘመድ ልኮልኛል፣ አባዬ መሆኑን ሳያውቅ። አባዬ እንዲህ ያለ ነገር ደስ አይለኝም ይላል። ጠዋት ሁለት ጊዜ ሲያዳምጠው ያዝኩት።

አሁን ስለ ሊባን። ከዚህ በኋላ ሊ. ነው የምለው፣ እጄ ይደክማል። ቦሌ ሚካኤል የጭነት ማስተላለፊያ ቢሮ ውስጥ ይሠራል። ፋርማሲያችን ለእናቱ የደም ግፊት መድኃኒት ሊገዛ መጥቶ ነው የተዋወቅነው። ኪኒኑን እንዴት እንደምትውጥ ሳስረዳው በሶማሊኛ መለሰልኝ፤ እኔም በሶማሊኛ ቀጠልኩ፤ ከቁርስ በፊት የሚለውን ከጅብ በፊት አልኩት መሰለኝ፤ ሁለታችንም ሳቅን። ዓመት ከመንፈቅ ሆነን። ሽማግሌ ሊልክ ነው፣ ከእሑድ በሚቀጥለው እሑድ። አባቱ ሀርጌሳ ናቸው፤ ልባቸው ስለማይፈቅድላቸው አይጓዙም። በስልክ እሺ ብለዋል።

ዛሬ ምሳ ላይ ሊ. የአባቱን የድምፅ መልእክት ላከልኝ። ለወደፊት ምራታቸው ሰላምታ ነው። ከፈትኩት። ልጄ ሆይ ይላሉ፣ ወላጆችሽን ሰላም በይልኝ ይላሉ፣ አላህ ያክብርሽ ይላሉ።

ከኋላቸው ፍየል ጮኸች።

እንደገና ሰማሁት። ድምፁም ያው የማዓሊን ድምፅ ነው። ክፍሉ ውስጥ እንደሚለው «እኔ የምለው» ይላል ዓረፍተ ነገር ሲጀምር። አንዲት ሴትዮ ፓራሲታሞል ጠይቃኝ አንቲባዮቲክ ልሰጣት ነበር።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ፣ ማታ

ከዘነበወርቅ ታክሲ ጠፋ፤ አውቶቡስ ላይ ቆሜ መጣሁ። ሊ.ን አስራ ስምንት ማዞሪያ ጁስ ቤት አገኘሁት። ክሊፑን አሰማሁት። መጀመሪያ ሳቀ፣ ምክንያቱም እሱም አይቶታል። ከዚያ የአባቱን መልእክት አሰማሁት። አቮካዶው መሃል ማንኪያውን ተወው።

አባቱ ክፍል ለክፍል እንደሚዞሩ ያውቃል። ቅጽል ስማቸውን አያውቅም። በእሱ ቤት ፖለቲካ ሲነሳ እሱ ከቤት ይወጣል። የእኔን አባት ስም ለአባቱ ነግሯቸዋል፤ የምዝገባ ስሙን ነዋ፣ ሙሉውን ከነአያቱ። እሳቸውም ጎሳውን ጠይቀው፣ መልካም ቤተሰብ ነው ብለዋል። ዴሬ የሚባል ሰው ቤት ነው የምትሄዱት ያላቸው የለም። ክፍሉ ውስጥ በስም የሚጠራ የለም፣ ክፍሉ ውጪ በቅጽል የሚጠራ የለም።

ሊ. ሌላም ነገረኝ። አባቱ ከትናንት ጀምሮ መስጊድ ሲሄዱ ልጆች እንደ ፍየል ይጮሁባቸዋል። ከተማውን ግማሹን ፊደል ያስቆጠሩ ሰው ናቸው። አንጀቴን በሉት። ወዲያው ደግሞ፣ በሶማሊኛ ማልቀስ አትችልም ያለው ማን ሆነና አልኩ። ሐዘኔታውም ንዴቱም አብረው ሆዴ ውስጥ ተቀመጡ።

ተመካከርን። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ የሊ. አባት በስልክ ይገባሉ፣ የማይቀር ነው። አጠገባቸው አጎቱ ይቀመጣል፣ እሱ ይናገራል፣ አባቱ አሚን ብቻ ይላሉ። ፍየሏ ጎረቤት ትታሰራለች። ኒካው ከታሰረ በኋላ ቢተዋወቁ ይተዋወቁ።

ያሰብነው ይህ ነው። ሁለት ያደግን ሰዎች፣ አንድ ዲግሪ፣ አንድ ዲፕሎማ።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ፣ ማታ 2፡00

ክፍሉ ዛሬ ስለ ግመል ወተት ነው። ካርቶን ውስጥ ከገባ ወተት ነው ወይስ አይደለም። ከዚያ ባል የሚስቱን ቦርሳ ይያዝ አይያዝ። ከዚያ ምርጫ። የምን ምርጫ እንደሆነ አልገባኝም፤ ሦስት ምርጫ ባንድ ላይ ይከራከሩ ነበር መሰለኝ።

ማዓሊን ከጠፋ ስድስተኛ ቀኑ ነው። አባዬ ስለ ወደቡ ዛሬ ሲናገር መሃል ላይ ቆመ፣ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው። ማንም አልመለሰም። ሌሎቹ ተስማሙለት። ስልኩን ጭኑ ላይ አስቀመጠና ጨው እንደሌለው ወጥ ሆነ አለ። ቆይቶ ደግሞ፣ ሰውዬው ታሞ ይሆን እንዴ አለኝ።

እኔ ምን ላውቅ አልኩት።

ዋሸሁ ሰማያዊዋ። ፊቱን ሳላይ።

እማዬ ፍራሾቹን አውጥታ ታናፍሳለች። ለእሑድ የሚሆን በግ ከወዲሁ ታዝዟል። የሶማሌ ሽማግሌ ይበላል ተብሎ ለጎረቤት ሁሉ ተነግሯል። ደስ ብሏታል። እኔ ለእሷም ለእሱም አንድ ልጅ ነኝ።

ጥቅምት 16፣ እሑድ፣ ማታ

በቅደም ተከተል ልሞክር።

ሽማግሌዎቹ ከዙህር ሰላት በኋላ መጡ፣ አምስት ሰዎች። ትልቁ ሐጂ ኑር ናቸው፤ ቦሌ ሚካኤል ጨርቅ ይነግዳሉ፣ ዕርቅ ሲኖር እሳቸው ይጠራሉ። እኔና እማዬ ከመጋረጃው ወዲህ። ሊ. የለም፤ ሙሽራ በሽማግሌ ቀን አይመጣም። ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ ኮልፌን እየዞረ ነበር።

ስልኩን ድምፁ እንዲጎላ ብርጭቆ ውስጥ አቆሙት። ከሀርጌሳ የአጎትየው ድምፅ መጣ፣ ጥሩ ነው። ፍየል የለም፣ ጥሩ ነው። የዘር ሐረግ ተቆጠረ፤ አባዬ እስከ ስንተኛው አያቱ እንደወረደ አላውቅም፣ ሲጨርስ አልቦት ነበር። ሁሉም ማሻአላህ አሉ። ልጅቷን ስጡን ተባለ። አባዬ ልጅቷን ጠይቄአታለሁ፣ ፈቅዳለች አለ። ደስ አለኝ፤ እውነቱን ነው፣ ጠይቆኛል።

ሐጂ ኑር ወደ ብርጭቆው ጎንበስ ብለው የልጁ አባት የሚሉት ቃል ካለ አሉ። አጎትየው ጉንፋን ይዟቸዋል፣ ድምፅ የላቸውም አለ።

ያን ጊዜ ከብርጭቆው ውስጥ፣ ጉንፋን አልያዘኝም የሚል ድምፅ መጣ። እኔ የምለው፣ ብለው ጀመሩ።

ምርቃት ነበር። ያማረ ምርቃት። ስለ ሁለት ጉድጓድ ውሃ፣ ስለ አንድ ጥላ። ሁለት ደቂቃ ያህል ይሆናል። እኔ ግን በመጋረጃው ቀዳዳ አባዬን ነበር የማየው። መጀመሪያ ግንባሩ ተቋጠረ። ከዚያ ራሱን ወደ ብርጭቆው አዘነበለ። ከዚያ፦

«ማዓሊን?»

ከብርጭቆው ውስጥ፦

«ዴሬ?»

መስመሩ ተቋረጠ።

አንዱ ሽማግሌ ኔትወርክ ነው አለ። ሐጂ ኑር ኔትወርክ አይደለም አሉ፣ እሳቸውም ክሊፑን አይተዋል። አባዬ በዚያ ጉልበቱ ተነሳ። የሚያስወጣቸው መስሎኝ ነበር። ምግቡ ይቅረብ አለ። እንግዳ እንግዳ ነው አለ። በሉ። ስለ እግር ኳስ አወሩ። እንደ ለቅሶ ቤት ቀስ ብለው እያኘኩ።

ሲወጡ አባዬ ጠራኝ። ታውቂ ነበር ወይ አለኝ። አዎ አልኩት። ሌላ አልጠየቀኝም። ስልኩን በፊቱ ደፋው።

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ

ክፍሉ ያለ አባዬ ነው የሚከፈተው። ሳሎኑ ጸጥ ብሏል። እማዬ ይህን ዝምታ ስትመኝ ኖራ አሁን አልወደደችውም፤ ሬዲዮ ከፈተችለት፣ ዘጋው።

ሊ. ደወለ። አባቱ ከዚያ ቤት ጋር አልዛመድም ብለዋል። መንገድ ላይ የሚጮሁብኝ ልጆች ወደፊት የልጅ ልጆቼ ይሁኑ ወይ ብለዋል። ሊ. አልቀበልም ብያቸዋለሁ አለኝ። ድምፁ ግን ያለቀሰ ሰው ድምፅ ነው። ያለ አባት ኒካ ማሰር ይቻላል፤ ያለ እሳቸው ምርቃት ግን ሊ. በአገሩ አንገቱን ደፍቶ ይኖራል። እኔም ያንን አላደርግበትም። ስለዚህ እኔም ቁርጤን ማወቅ አለብኝ።

ደሜ ፈልቷል። ወደብ የሌላቸው ሁለት ሽማግሌዎች በወደብ ተጣልተው እኔ ሳልጋባ ልቀር ነው። አንዱም መርከብ የለው!

ፋርማሲ ውስጥ ዛሬ አንድ ልጅ ስልኩ ላይ ክሊፑን ከፍቶ ወረፋ ይጠብቃል። ማይኩን ለፍየሏ ስጧት። ሰው ሁሉ ይስቃል። የሚቀጥለው አልኩ።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ፣ ከመግሪብ ሰላት በኋላ

ሐጂ ኑር ብቻቸውን መጡ። ይሄኛው ታላቅ ነገር ነው፤ ቦሌ ሚካኤል ሱቃቸውን ዘግተው በታክሲ። ቀጥታ ወደ ነገሩ ገቡ።

ሶማሌ ዘንድ «ሃል» የሚባል ነገር አለ። የተሰደበ ሰው ክብሩ ይመለስለት ዘንድ የሚጠይቀው ነው። አንዳንዴ ከብት ነው፣ አንዳንዴ ጨርቅ፣ አንዳንዴ ቃል ብቻ። ሰዳቢው ያቀርባል፣ የተሰደበው ተቀበልኩ ይላል፣ ነገሩ ይሞታል። ተቀበልኩ ያለ ሰው ዳግመኛ ሊያነሳው አይችልም። ሀርጌሳ ደውለዋል፣ ማዓሊን እሺ ብለዋል።

አባዬም እሺ አለ። እዚሁ ስልክ ደውሉልኝና ልንገረው አለ።

ሐጂ ኑር ራሳቸውን ነቀነቁ። «ስድቡ የወጣው ክፍሉ ውስጥ ነው። ሃሉም እዚያው ይሁን፣ ያ ሁሉ ሰው ባለበት።»

አባዬ ለረጅም ጊዜ ጉልበቱን አሸ። ክፍሉ ውስጥ ይቅርታ ጠይቆ አያውቅም። ማንም ጠይቆ አያውቅም። ሰው ሲሸነፍ ኔትወርክ ይቋረጥበታል፣ ደንቡ ያ ነው። በመጨረሻ የፍየሏን ሃል እኔ እሰጣለሁ አለ። እሱ ግን ስለ ልጄ ለተናገረው የሚሰጠውን ሃል እኔ ልቀበለው አልችልም አለ። ለእኔ አልተባለም፣ የእሷ ነው።

ሐጂ ኑር የሴት ልጅን ሃል አባቷ ይቀበላል፣ ወግ ነው አሉ።

«አፍ አላት» አለ አባዬ።

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ትሪ ይዤ ቆሜአለሁ። ሐጂ ኑር ክፍሉ ውስጥ ገብተሽ ተቀበልኩ ብለሽ መናገር ትችያለሽ ወይ አሉኝ። በሶማሊኛ ማለታቸው ነው። ያ ሁሉ ሰው ፊት። ሾርባዋ ልጅ።

እችላለሁ አልኩ።

ጥቅምት 21፣ ዓርብ፣ ከሰዓት 8፡15

ከፋርማሲ አስፈቅጄ ወጣሁ። ሃሉ ከዐስር ሰላት በኋላ ነው።

የምለውን የመድኃኒት ማዘዣ ወረቀት ጀርባ ላይ ጻፍኩት። ተቀብያለሁ፣ ከልቤ ይቅር ብያለሁ፣ አላህ ሁላችንንም ይቅር ይበለን። ሦስት ዓረፍተ ነገር። መስታወት ፊት አልኩት። አንዷን ፊደል ከጉሮሮዬ ማውጣት አልችልም፣ ከልጅነቴ ጀምሮ አልቻልኩም። እማዬ ከኋላዬ ሆና ሳቀች፣ ከዚያ በትክክል አለችው። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሠላሳ ዓመት ሶማሊኛ አልሰማም ስትል የነበረች ሴት።

ሊ. ጻፈ፦ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጸለይኩ፣ አሁን የቀረኝ ጥፍር መብላት ነው።

ፈርቻለሁ። እንዲህ ነው፤ ከሳቁብኝ መልሼ አልናገርም፣ መልሼ ካልተናገርኩ ሃሉ አልተቀበልኩም ማለት ነው። ሁሉ ነገሬ የተንጠለጠለው «ተቀብያለሁ» በምትል አንዲት ቃል ላይ ነው።

የዚያው ዕለት፣ 12፡00 አካባቢ

ተናገርኩ።

ክፍሉ እንዲህ ሞልቶ አይቼ አላውቅም። አወያዩ በዘፈን ሊከፍት ሐጂ ኑር ገሠጹት፤ ፋቲሐ ተቀራ። የናይሮቢው፣ የስዊድኑ፣ የሞቃዲሾዋ ሴትዮ፣ ሁሉም አሉ። ማንም ስለ ሙዝ አላነሳም።

አባዬ ጀመረ። ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ፣ ቁመቱን ቀጥ አድርጎ፣ የሚያየው ሰው ያለ ይመስል። እኔ ዴሬ በዚህ ቤት ማዓሊንን በፍየል አነጻጽሬ ሰደብኩ፣ አስተማሪ ሰድቤአለሁ፣ ክብሩን መልሼአለሁ አለ። ቆመ። ከዚያ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ አንተ ከጠፋህ ወዲህ የሚከራከረኝ ሰው የለም አለ። አሳለ።

ማዓሊን ተቀብያለሁ አሉ። ለዕርቁ ፍየሏን አርዳለሁ አሉ። ክፍሉ ተንጫጫ። ሁሉም እጅ አወጣ። የሞቃዲሾዋ ሴትዮ ያለ ተራዋ ገብታ ያቺ ፍየል የሕዝብ ናት አለች። በሌላ ጉዳይ ሁሉ ሲጣሉ የኖሩ ሰዎች በዚህ ሁሉም ተስማሙ። ለፍየሏ ምሕረት ተደረገላት።

ከዚያ የእኔ ተራ። ማዓሊን፣ ያልኩትን በንዴት ነው ያልኩት፣ ለልጄ የታጨሽ መሆንሽን አላወቅኩም አሉ። ክብርሽን መልሼአለሁ።

ለልጄ የታጨሽ መሆንሽን አላወቅኩም። ለሌላ ሰው የታጨሁ ብሆንስ ኖሮ ብዬ አሰብኩ። ግን ለዚያ አልነበረም የመጣሁት። አወያዩ ጽጌረዳዋ አለና ማይክ ሰጠኝ። አባዬ አያየኝም፣ መሬት ያያል። እማዬ ከጎኔ። ወረቀቱ እጄ ላይ ነው። አላነበብኩትም። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ያቺን ፊደል ፈርቼ ይሆናል። በገዛ ሶማሊኛዬ፣ በሾርባው ሶማሊኛ፣ እንዲህ አልኩ፦

«ተቀብያለሁ። ግን ያሉት እውነት ነው፣ በሶማሊኛ ማልቀስ አልችልም። ስወድቅ የምታነሳኝ እናቴ ነበረች፣ እሷ ስልጤ ናት። ለቅሶዬ በስልጥኛ ነው። አባቴ መንገድ ላይ ነበር። በወር አንዴ ይመጣል፣ ሲመጣ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ሶማሊኛ የተማርኩት ስስቅ ነው። ልጅዎንም ያገኘሁት ስስቅ ነው።»

ማንም አልሳቀም። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ፣ ስክሪኑን አየሁ፤ ሁሉም አሉ። ከዚያ በሩቅ ፍየሏ ጮኸች። ከዚያ ማዓሊን፣ ወይም የሊ. አባት፣ አሁን ምን ልበላቸው፣ ለአወያዩ ማይኩን ከእሷ አትውሰድ አሉት። እኔ የምለው፣ ብለው ጀመሩ፣ አልጨረሱትም። እሳቸው ያልጨረሱት ዓረፍተ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ሐጂ ኑር ገቡና ኒካው ኅዳር ውስጥ ይሁን አሉ። ክፍሉ በሙሉ አሚን አለ።

ሊ. እየደወለ ነው። ይቆይ።

አባዬ የለም። ስልኩን ሶፋው ላይ ክፍቱን ትቶ ባኞ ቤት ገብቷል። ቧንቧውን ከፍቶታል፣ እስከ መጨረሻው። ዛሬ ፈረቃችን ነው፣ ውሃው ዝም ብሎ ይፈሳል። ቆየ። ስልኩ ውስጥ ሰዎች ዴሬ፣ ዴሬ ይላሉ። አባዬ የሚያለቅሰው በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ ከውሃው ድምፅ ጋር አይለይም።

እማዬ ልትጮህበት በሩ ድረስ ሄደች። እጇን በሩ ላይ አደረገች። ከዚያ ተመልሳ አጠገቤ ተቀመጠች፣ ውሃውንም ተወችው፣ እኔም ተውኩት።